በሙቀት ቀን ሞተር ብስክሌት ስንነዳ

በሬዲዮ የተላለፈ የመሠረተ ትምህርት ንግግር

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ ሞተር ብስክሌት ነው። አባቶቻችን በድምፁ ዶቅዶቄ ብለውታል። ዛሬ ደግሞ ብዙ ሰው ባጭሩ ሞተር ይለዋል። እኛ ግን እንዳንደናገር ቃሉን እንለየው። ሞተር ስንል ቤንዚኑ የሚነድበትን ክፍል ማለታችን ነው። ሞተር ብስክሌት ስንል ሁለት ጎማ ያለውን ተሽከርካሪ በሙሉ ማለታችን ነው።

በመቀሌና በአካባቢዋ ሞተር ብስክሌት የሚነዳው ማነው? ክትባት ይዞ ወደ ገጠር የሚወርደው የጤና ሠራተኛ ይነዳል። የእርሻ ባለሙያው ይነዳል። የእንስሳት ሐኪሙ ይነዳል። ከከተማ ወጣ ብሎ የሚያስተምር መምህርም ይነዳል። ሸቀጡን ከኋላ አስሮ ወደ ውቅሮ ወይም ወደ ዓዲ ጉዶም የሚሄደው ነጋዴም አለ። እነዚህ ሁሉ በሚያዝያ፣ በግንቦትና በሰኔ መግቢያ አንድ ችግር ያገኛቸዋል። እሱም ሙቀት ነው።

ሙቀት ምን ያመጣል? ትሉ ይሆናል። መቀሌ እኮ ደጋ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ትበልጣለች። በግንቦት ወር እንኳ የቀኑ ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከ27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እምብዛም አያልፍም። ነፋሷም የታወቀ ነው። ከከተማዋ ወደ ደቡብ ስንወጣ አሸጎዳ ላይ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የነፋስ ኃይል ማመንጫ የቆመው ያለ ምክንያት አይደለም። ታዲያ ነፋስ ባለበት ከፍታ ላይ የሚነዳ ሰው ሙቀት ምን ያደርገዋል?

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። እስቲ እንስራ እናስብ። ውሃ ቀድታችሁ በአዲስ እንስራ ጥላ ሥር ስታስቀምጡት፣ እንስራው ከውጭ ያልበዋል። ላቡ በነፋስ ይደርቃል። ሲደርቅም ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ በውስጡ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል። የሰው ገላም እንደዚሁ ነው። ያልበናል፤ ላቡ ይደርቃል፤ እኛም እንቀዘቅዛለን። ነገር ግን እንስራው ውሃውን በመስጠት ነው የሚቀዘቅዘው። ቀኑን ሙሉ ነፋስ ላይ ብትተዉት ውሃው ይጎድላል። የእኛም እንዲሁ ይጎድላል።

በእግሩ የሚሄድ ሰው ሲያልበው ያውቃል። ግንባሩን በእጁ ይጠርጋል፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ይለጠፋል። ሞተር ብስክሌት ላይ ያለ ሰው ግን ላቡን አያየውም። ነፋሱ ላቡን ወዲያው ያደርቀዋል። የመቀሌ አየር ደግሞ በበጋ ደረቅ ነው። ስለዚህ ነጂው “ዛሬ አላላበኝም” ይላል፤ ውሃም አይጠጣም። ማታ ቤቱ ገብቶ ሸሚዙን ሲያወልቅ ግን ነጭ ነጭ መስመር ያያል። ያ መስመር ጨው ነው። ውሃው ተንኖ ሄዶ ጨዉ ቀርቷል ማለት ነው። ራሱን የሚያመው፣ አፉ የሚደርቀው፣ ሽንቱም እንደ ሻይ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። በብርቱ ሙቀት የሚሠራ ሰው በ1 ሰዓት ውስጥ 1 ሊትር ያህል ውሃ በላብ ሊያጣ ይችላል።

ውሃ የጎደለው ሰው ድካሙ ከወንበር ላይ ቢያገኘው ትንሽ ተኝቶ ይነሳል። መሪ ይዞ ቢያገኘው ግን ሌላ ነው። ዓይኑ ይዝላል፤ ሐሳቡ ይዘገያል። አህያ መንገድ ስታቋርጥ ያያታል፤ እጁ ግን ፍሬኑን ለመያዝ ይዘገያል። ያቺ የዘገየች ቅጽበት ናት የምትጎዳው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነገር ውሃ ነው። ሳይጠማችሁ ጠጡ። ከመነሳታችሁ በፊት ሁለት ብርጭቆ ጠጥታችሁ ውጡ። በየ1 ሰዓቱ ቁሙና ጠጡ። ከዳዕሮ ወይም ከግራር ጥላ ሥር 10 ደቂቃ አረፍ በሉ። ጥላው ከሌለ ራሱ የሞተር ብስክሌቱ ጥላ ለራስ ይበቃል። ስዋ ግን የመንገድ መጠጥ አይደለም። ስዋ ለሠርግና ለማኅበር ነው። ጥም የሚቆርጥ ይመስላል፤ ነገር ግን ሽንት ያበዛል፤ ሐሳብንም ያደነዝዛል። ነድታችሁ ቤታችሁ ከገባችሁ በኋላ ያለው የእናንተ ጉዳይ ነው።

በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን ውሃ የማትቀምሱ ከሆነ፣ ጉዞውን በጧት ጨርሱት። ከጧቱ 12 ሰዓት ተነስታችሁ እስከ 4 ሰዓት ድረስ መድረስ ነው። የቀኑ ሙቀት የሚበረታው ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ነው። የምትሄዱበት ቦታ ሩቅ ከሆነና በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ መሆን ግድ ከሆነ፣ ከአለቃችሁ ጋር ተነጋገሩ። ሰዓት ማዛወር ይቻላል፤ ጤና ግን እንደ ሰዓት አይዛወርም።

ብዙ ላብ ላጣ ሰው ንጹሕ ውሃ ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃም። ጨዉም ሄዷልና። በጤና ጣቢያና በመድኃኒት ቤት ኦ አር ኤስ የሚባል በከረጢት የታሸገ ዱቄት አለ። ለተቅማጥ የሚሰጠው ነው። አሁን እናንተ ማንበብ ችላችኋልና ከረጢቱን አገላብጣችሁ አንብቡት። በስንት ውሃ እንደሚበጠበጥ በቁጥር ተጽፎበታል። ዱቄቱ ከሌለ በቤት ማዘጋጀት ይቻላል። ንጹሕ ውሃ 1 ሊትር፣ ስኳር በሻይ ማንኪያ ልክ 6፣ ጨው በሻይ ማንኪያ ግማሽ። ማንኪያው ልክ ይሁን፤ ክምር አይሁን። ጨው ከበዛ ይጎዳል። ቁጥሩን በደብተራችሁ ጻፉት፤ ቃል ይረሳል።

አሁን ወደ ልብስ እንሂድ። ወጣቶች በሙቀት ቀን ሸሚዛቸውን ከፍተው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሲበሩ እናያለን። ነፋሱ ደስ ይላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር ረስተዋል። አንደኛው ፀሐይ ናት። ከፍ ባለ አገር አየሩ ስስ ነው። ስለዚህ ቆዳን የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከ100 እጅ 10 እጅ ያህል ይጨምራል። መቀሌ ላይ እንግዲህ ከባሕር ዳርቻ ሰው ይልቅ ከ100 እጅ 20 እጅ ያህል በልጦ ያገኘናል ማለት ነው። አየሩ ቀዝቀዝ ቢልም ጨረሩ አይቀዘቅዝም። ሁለተኛው ደግሞ መውደቅ ነው። አስፋልት ላይ የወደቀ ባዶ ክንድ ቆዳው እንደ ድንች ይላጣል።

ስለዚህ እጅጌው ረጅም፣ ቀለሙ ነጣ ያለ፣ ሰፋ ያለ ልብስ ልበሱ። ጥቁር ልብስ ሙቀት ይስባል። የጥጥ ጨርቅ ከናይሎን ይሻላል። ከላይ ወፍራም ጃኬት ካላችሁ አትጣሉት፤ ከውስጥ ያለውን ሸሚዝ ወይም አንገታችሁን የምትጠመጥሙበትን ሻሽ በውሃ አርጥቡት። ነፋሱ በጃኬቱ ክፍተት እየገባ እርጥቡን ጨርቅ ሲያደርቅ እናንተን ያቀዘቅዛል። ያው የእንስራው ሥራ ነው። ከኪስ ምንም አያስወጣም።

አንድ ነገር ግን አደራ። የሻሹን ጫፍ ከልብሳችሁ ውስጥ ክተቱት። ከኋላ የምትቀመጡ እናቶችና እኅቶችም ነጠላችሁን ሰብስባችሁ ከሥራችሁ አድርጉት። የነጠላ ጥለት በኋላ ጎማ ሽቦ ወይም በካቴና ከተያዘ በአንድ ዙር ሰውን ከኮርቻው ጎትቶ ያወርዳል። አንገት ላይ ከሆነማ ያንቃል። ነጂው ከመነሳቱ በፊት ዘወር ብሎ “ነጠላው ተሰበሰበ ወይ?” ብሎ ይጠይቅ። ሕፃን ልጅን ከፊት በሰልባትዮው ላይ ማስቀመጥም አይገባም። ፀሐዩም ነፋሱም መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው፤ ግጭትም ቢመጣ እንደዚያው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ዋና ያልሁት ብዙ ሰው የሚሞትበት ስለሆነ ነው። እሱም የራስ ቁር ነው፤ በተለምዶ ሄልሜት የምንለው። በጧት ብርድ ሁሉም ያጠልቀዋል። ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን ግን የራስ ቁሩ ከራስ ላይ ወርዶ መሪው ላይ ይንጠለጠላል። ለምን? ሲባል “ይሞቃል” ይላሉ። በእውነትም ይሞቃል፤ አልክድም። ግን መሪው አይሞትም፤ የሚሞተው ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠቅሳቸው ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በትክክል የታሰረ የራስ ቁር በሞተር ብስክሌት አደጋ የመሞትን ዕድል ከ100 እጅ 40 እጅ ያህል ይቀንሳል። በራስ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ደግሞ ከ100 እጅ 70 እጅ ያህል ይቀንሳል። ይህ ሁሉ መሪ ላይ ለተንጠለጠለ የራስ ቁር አይሠራም።

ሙቀቱን ለማቃለል ግን ዘዴ አለ። ህድሞን እናስታውስ። በወፍራም ድንጋይ ተገንብቶ ጣራው በአፈር የተሸፈነው የትግራይ ቤት ነው። በቀትር ህድሞ ውስጥ ብትገቡ ቀዝቃዛ ነው። ቆርቆሮ ቤት ብትገቡ ግን ምጣድ ነው። ልዩነቱ ጣራው ነው፤ ወፍራሙ ጣራ ሙቀቱን ቶሎ አያስገባም። የራስ ቁር ውስጥ ያለው ነጭ ስፖንጅ መሰል ነገርም እንደ ህድሞ ጣራ ነው። የፀሐይዋን ሙቀት ይከላከላል። የሚያስቸግረው ከፀሐይዋ ይልቅ ከራሳችን የሚወጣው ሙቀትና ላብ ነው። ለዚህም ስስ የጥጥ ጨርቅ በራሳችሁ ላይ አስራችሁ ከላይ ቁሩን አጥልቁ። ጨርቁ ላቡን ይጠጣል፤ ወደ ዓይን አይወርድም። በቆማችሁ ቁጥር ጨርቁን አርጥቡት። ቁሩ ከፊትና ከኋላ ትንንሽ ቀዳዳ ካለው ክፈቱት። ስትገዙም ከጥቁሩ ነጩን ምረጡ፤ ነጩ በመኪና ነጂም ዓይን ቶሎ ይታያል። የውስጡ ጨርቅ የሚወልቅ ከሆነ በየሳምንቱ እጠቡት። የሚሸት የራስ ቁር ሰው አይወደውምና መሪ ላይ የሚቀረው በዚህም ምክንያት ነው።

ስትቆሙ የራስ ቁሩን በሰልባትዮው ላይ አታስቀምጡ። የቤንዚን ትነት የውስጡን ስፖንጅ ይጎዳዋል። ከውጭ ደኅና ይመስላል፤ ውስጡ ግን ኃይሉ ያልቃል።

እስካሁን የተናገርነው ለደጋው ነው። ከእናንተ መካከል ደግሞ ወደ ቆላ የምትወርዱ አላችሁ። ከመቀሌ ወደ ሰሜን ሄዳችሁ አጉላዕ ላይ ወደ ምሥራቅ ብትታጠፉ መንገዱ ወደ በራህሌ፣ ከዚያም ወደ ሐመድ ኢላ ይወርዳል። ይህ የአፋር የጨው አገር ነው። ሐመድ ኢላ ከባሕር ወለል በታች ናት። አየር በየ1,000 ሜትሩ ስንወርድ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይጨምራል። ስሌቱን በደብተራችሁ ሥሩት። ከ2,000 ሜትር ወርዶ ከባሕር ወለል በታች መድረስ 13 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ መጨመር ማለት ነው። ጧት መቀሌ ላይ ጃኬት ለብሶ የወጣ ሰው በቀትር ከ40 ዲግሪ በላይ ውስጥ ይገባል። እዚያው አጠገብ ባለው በዳሎል እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተለካው መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነበር። አማካይ ማለት ቀኑና ሌሊቱ፣ ብርዱና ሙቀቱ ተደምሮ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ሰው ሰፍሮ በኖረበት ቦታ ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው ይህ ነው።

እዚያ ታች ሕጉ ይለወጣል። የሰው ቆዳ ሙቀት ወደ 35 ዲግሪ ገደማ ነው። አየሩ ከዚህ ከበለጠ ነፋስ ማቀዝቀዙን ይተውና ማሞቅ ይጀምራል። የዳቦ ምድጃ በር ሲከፈት ፊታችሁን የሚመታውን አየር ታውቁታላችሁ። በፍጥነት ስትነዱ ያ አየር በላያችሁ ይነፍሳል ማለት ነው። ሸሚዝ መክፈት ያን ጊዜ ጥፋት ነው። ላቡ ቶሎ ይደርቃል፤ ገላውም ይጠበሳል። ስለዚህ መሸፋፈን ነው። አንገትን፣ እጅን፣ ፊትን። አፋሮችንና ጨው ጫኝ አርሆዎችን ተመልከቱ። ከግመሎቻቸው ጋር ለዘመናት በዚያ መንገድ ሲመላለሱ ራሳቸውን ጠምጥመው፣ ገላቸውን ሸፍነው ነው። ሙቀቱ ሲበረታም ያርፋሉ፤ ቀዝቀዝ ሲል ይጓዛሉ። ከእነሱ የተሻለ የሙቀት መምህር እኔ አላውቅም። እኔ የጫማ ማሰሪያና የፊደል መምህር ነኝ።

አሁን ደግሞ ስለ ራሱ ሞተር ብስክሌቱ ጥቂት እንበል። መካኒክ አይደለሁም፤ ግን አንድ ነጂ ማወቅ ያለበትን እነግራችኋለሁ።

ከጎማ እንነሳ። የጎማ ነፋስ የሚለካው በጧት ጎማው ሳይሞቅ ነው። ልኩ በካቴናው መከለያ ወይም በኋላ እግሩ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይጻፋል። ፊደሉ የፈረንጅ ቢሆንም ቁጥሩ ያው ቁጥር ነው። ለአንድ ሰውና ለሁለት ሰው የተለያየ ነው። ጎማ በጉዞ ሲሞቅ ነፋሱ ይጨምራል። አንዳንድ ሰው ይህን አይቶ መንገድ ላይ ነፋስ ያስወጣል። አታድርጉት። ፋብሪካው ያን አስቦበታል። ነፋስ ያነሰው ጎማ ነው ይልቁንም እየተጣጠፈ የሚግለውና የሚፈነዳው። ካላማዳሪው ብዙ ጊዜ የተለጠፈ ከሆነ ወደ ቆላ ከመውረድ በፊት ጎሚስታ ጋ አሳዩት።

ሞተሩን በተመለከተ፣ የአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተር ብስክሌቶች ሞተር የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው። በጎኑ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተደረደሩትን ብረቶች አይታችኋል? በመካከላቸው ነፋስ ሲያልፍ ሙቀቱን ይወስዳል። ጭቃና አቧራ ከሞላባቸው ነፋሱ አያልፍም፤ ስለዚህ በብሩሽ አጽዷቸው። ዘይቱንም በየጊዜው እዩት። ከአፋር ወደ ደጋ ስትመለሱ ዳገቱ ረጅም ነው። በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ብዙ ከወጣ ይግላል። ቆማችሁ አጥፉት፤ ይረፍ። ቀዝቃዛ ውሃ ግን አትድፉበት። የጋለ ብረት ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። በቁልቁለቱም ፍሬን ላይ ቆማችሁ አትውረዱ። ፍሬን ሲግል መያዝ ይተዋል። ዝቅተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ሞተሩ ራሱ ይያዘው።

ሰልባትዮውን ጢም አድርጋችሁ አትሙሉ። ቤንዚን በሙቀት ያብጣል። 10 ሊትር ቤንዚን ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ቢጨምር ሁለት የቡና ስኒ ያህል ይጨምራል። ያ ቦታ ካጣ ይፈሳል፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ የጋለ ሞተርና ማርሚታ ነው።

ስለ ትርፍ ቤንዚንም ልጨምር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በትግራይ ነዳጅ በጠፋባቸው የጦርነት ዓመታት ቤንዚንን በውሃ ጠርሙስ መያዝ ለመድን። ልማዱ ዛሬም ከአንዳንዶቻችን አልወጣም። ፕላስቲክ ጠርሙስ በፀሐይ ያብጣል፤ ያፈስሳል። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። የተጠማ ሰው፣ በተለይ ልጅ፣ የውሃ ጠርሙስ ሲያይ ያነሳና ይጨልጣል። ቤንዚን ወደ ሳንባ ከገባ ይገድላል። ቤንዚን የተያዘበትን ዕቃ ከውሃው ለዩት፤ በላዩም በትልቅ ፊደል “ቤንዚን” ብላችሁ ጻፉበት። አራት ፊደል ናት፤ ቤ፣ ን፣ ዚ፣ ን። ልጆቻችሁም እንዲያነቡት አድርጉ። ቤንዚን የጠጣን ሰው አታስመልሱት፤ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

የመጨረሻው ስለ ሕመም ነው። በሙቀት የተጎዳ ሰው በመጀመሪያ ራሱን ያመዋል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ ያዞረዋል፤ እግሩን ቁርጥማት ይይዘዋል። ይህ ሲሰማችሁ “እዚያ መንደር ልድረስ” አትበሉ። እዚያው ቁሙ። ጥላ ፈልጉ፤ ልብሳችሁን አላሉ፤ በዝግታ ጠጡ። እስኪለቃችሁ ድረስ ኮርቻ ላይ አትውጡ።

ጓደኛችሁ ግን ወሬው ከተዘበራረቀ፣ እንደ ሰከረ ከተንገዳገደ፣ ገላው ሲነካ እንደ እሳት ካተኮሰ፣ ይህ ዕረፍት የሚያድነው ሕመም አይደለም። በደቂቃ የሚቆጠር ነው። የራስ ቁሩንና ጃኬቱን አውልቁለት። ጥላ ውስጥ አስተኙት። ያላችሁን ውሃ ሁሉ በገላው ላይ አፍስሱ፤ በነጠላም በካርቶንም አራግቡለት። ለመጠጥ የያዛችሁት ቢሆንም አትሰስቱ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጡት፤ ያንቀዋል። በሞተር ብስክሌት ከኋላ አስቀምጣችሁ አትውሰዱት፤ ይወድቃል። የመጀመሪያውን መኪና አስቁሙ፤ ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱ። በመኪናውም ውስጥ ማርጠቡን አታቋርጡ።